ጥዱ የዋጠው ሚስማር

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንዴት ሰነበቱ አባዬ? ወገብዎ እንዴት ሆነልዎት? ሳሉስ ለቀቀዎት? እማዬ ዓይኗን ታከመች ወይስ አሁንም ዛሬ ነገ እያለች ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ።

ያን ዕለት ደውለው «ወንድምህ የደጁን ጥድ ቆርጦ ክፍል ሊሠራ ነው፤ በኩር ነህና ቃልህን ስጠን» ሲሉኝ፣ ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ «ይቆረጥ» ብዬ ዘጋሁት። አያቴ የተከለው መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ምንም ስላልተሰማኝ ነው። እዚህ መጋዝ ቤት ጫካው በመኪና ይገባል፣ ጣውላ ሆኖ ይወጣል። የዛፉን ስም የሚጠራ የለም፤ የሚጠየቀው ውፍረቱ ብቻ ነው።

የእኔ ሥራ ግንዱ መጋዙ ላይ ከመውጣቱ በፊት ብረት እንዳይኖርበት በመሣሪያ መፈተሽ ነው። ባለፈው ማክሰኞ አንዱን ሳልፈትሽ አሳለፍኩ። ሐሳብ ይዞኝ ቢሆን ደግ ነበር፤ ምንም አላሰብኩም። መጋዙ ተበጠሰና ስባሪው ፉጨት የምንለውን ባለመጋዝ ጉንጩን ሰነጠቀው። ትንሽ ከፍ ቢል ዓይኑ ነበር። እሱ እቴ፣ ጉንጩ ተሰፍቶ መጣና «ከእንግዲህ የማፏጨው በአንድ ወገን ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

ግንዱ ሲፈለጥ ውስጡ ሚስማር ተገኘ፤ ዛፉ በየዓመቱ እየደረበ ሸፍኖታል። መጋዝ የሚስሉት ሽማግሌ አገላብጠው አዩትና «ሰው የዛፍ ጌታ የሆነ ይመስለዋል፤ የገዛ ቤቱን እያፈረሰ እሳት ይሞቃል» አሉ። እውነትዎን ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እንዲህ ሆኛለሁ አባዬ፤ ልቤ ብዙ እንደተቀመጡበት እግር ደንዝዟል።

ከሰዓት በኋላ ግን ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ልሰቅል ብዬ የደጃችን ጥድ ላይ ሚስማር ስመታ፣ እርስዎ «ይሄም ነፍስ አለው!» ብለው ጆሮዬን ቆንጥጠውኝ ነበር። ሚስማሩን ግን ማንም አልነቀለውም።

ስለዚህ «ይቆረጥ» ያልኩትን አንስቻለሁ። አዝኜለት ነው ብል እዋሻለሁ። አንድ ዛፍ እንኳ ቆሞ ቢቀር፣ ስመጣ ምናልባት የሆነ ነገር ይሰማኝ ይሆናል። ሦስት ቀን ብደውል ስልክዎ አልገባ አለኝ፤ ይህን ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ይህን የምታነብልዎትን እህቴን፣ ትንሽ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ይበሏት። ወንድሜ መጋዙን አስነስቶ ከሆነ ግን ሰላምታዬ ይቆይ፤ መጀመሪያ ይሄን ይንገሩልኝ፦ ሚስማሩ በበሩ በኩል፣ ከመሬት ሁለት ክንድ ከፍ ብሎ ነው። ዓይኑን ይጠብቅ።

ልጅዎ
ከመጋዝ ቤቱ ማደሪያ፣ ኅዳር 9 ቀን