የሂሳብ ድጋሚ ፈተናና የበዛው ሂና

ማክሰኞ

ገበሬው ከመሬቱ ሦስት ስምንተኛውን በቆሎ ዘራበት ይላል መጽሐፉ። የቀረውን ምን አደረገበት? ማንም አይጠይቅም። እኔ ግን ሰውየው ዓይኔ ላይ መጣ። ከከተማችን ወጣ ብሎ ወደ ዋሂል ገጠር በኩል ነው ያለው፤ ሽርጡን አገልድሞ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ዝናቡ ስለቀረበት አምስት ስምንተኛውን ትቶታል። ደብተሬ ላይ ሳልኩት፣ ስምም አወጣሁለት። ቀና ስል ክፍሉ ሁሉ ሠርቶ ጨርሷል።

ቲቸር ግርማ ሥዕሉን አይተው «ሐናን፣ ገበሬውን ተይውና መሬቱን ቁጠሪ» አሉኝ።

ድጋሚ ፈተናው አርብ ጠዋት ነው። ስልሳ ፐርሰንት ካላመጣሁ ሰባተኛን እደግማለሁ፣ ጓደኛዬ ሀያት ስምንተኛ ትገባለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነን። ከጎኗ ሌላ ልጅ ስትቀመጥ ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ረቡዕ

የማይገቡኝ፦
ፐርሰንት (ትንሽ ትንሽ ገብቶኛል)
ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ማካፈል (ለምንድን ነው የሚገለበጠው?)
ንጥጥር (ምንም)

ሀያት ልታስረዳኝ ቤት መጣች። የሴቶችና የወንዶች ንጥጥር ሁለት ለሦስት የሆነበት ክፍል ሠላሳ ተማሪ አለው፤ ሴቶቹ ስንት ናቸው? የሠላሳ ሁለት ሦስተኛ፣ ሃያ አልኳት። አይደለም፣ አሥራ ሁለት ናቸው አለችኝና ለምን እንደሆነ በደንብ አስረዳችኝ። በደንብ ማስረዳቷን አውቃለሁ፤ እኔ ግን የሻሿ ጫፍ በፋኑ ነፋስ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ ነበር። ደግማ አስረዳችኝ። አሁንም ሃያ አልኩ።

«አቦ ሐናን፣ አንቺ እኮ የለሽም» አለችኝ። ሳትስቅ ሄደች።

እውነቷን ነው። ግን የት እንደምሄድ እኔም አላውቀውም።

ሐሙስ

ዛሬ ደግሞ ሌላ ጉድ። አክስቴ ነዒማ ሙሽሮችን ሂና ትቀባለች፤ ለማታ የምትሄድበት ቤት ነበራት። ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው በሙቀቱ በሩን ዘግቶ በተኛበት ሰዓት፣ ዛሬ ሂናውን እኔ ልበጥብጥልሽ አልኳት። ሂናው ለሚበጠበጥበት የሻይ ውሃ ሁለት ለሦስት፣ ሁለቱ አንድ ላይ አሥራ አምስት ስኒ ይሁን ብላኝ ጋደም አለች። ደስ አለኝ፣ ለነገ መለማመጃ ነው። የአሥራ አምስት ሁለት ሦስተኛ አሥር። አሥር ስኒ ሂና፣ አምስት ስኒ ውሃ።

ማንኪያው መሀሉ ላይ ቆሞ ቀረ። መቀቢያው ላስቲክ ውስጥ ገብቶ በቀጭኑ የሚወጣ ነገር አይደለም፤ ግድግዳ ይለሰንበታል። አክስቴ ነቅታ አየችው። የወሩን ሂና ነው የጨረስሽው አለች። መጮኋ ይሻለኝ ነበር፣ አልጮኸችም። ያበላሸሽውን አንቺው አስተካክይ ብላ ተመልሳ ጋደም አለች።

ምን ያህል ውሃ እንደጎደለው አላወቅኩም። ስለዚህ ባዶ ስኒዎች አምጥቼ ምንጣፉ ላይ ደረደርኩ። ሁለት ለሂና፣ ሦስት ለውሃ። አጠገቡ እንደገና ሁለትና ሦስት። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ በመጋረጃው የሚገባው ብርሃን ቢጫ ነው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ጀመር። ስኒዎቹን ሳያቸው የሀያት ጥያቄ ላይ ያሉት ተማሪዎች መጡ። ሁለት ሴቶች ሦስት ወንዶች ገብተው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ቀጥሎ ሌሎች ሁለት ሴቶች፣ ሦስት ወንዶች። በአምስት በአምስት እየሆኑ ነው የሚገቡት! በስድስት ዙር ሠላሳ ሞሉ። ሴቶቹን ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ሁለት።

ብቻዬን ሳቅሁ። ለአሥር ስኒ ሂና አሥራ አምስት ስኒ ውሃ ነው የሚያስፈልገው። አሥር ጨመርኩበት፤ እንደ እርጎ ለሰለሰ። ሃያ አምስት ስኒ ሂና ግን ለአንድ ሙሽራ አያልቅም፤ አክስቴ ለሥራዋ የሚበቃትን ወሰደችና በቀረው የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሲቀባ አመሸ። አክስቴ ከመሄዷ በፊት እኔንም ቀባችኝ፣ ተቆጥታም እየሳቀችም።

አርብ

ተፈተንኩ። እጄ እስከ አንጓው ቀይ ነው፣ ቲቸር ግርማ አይተው ፈገግ አሉ። የንጥጥሮቹን በሙሉ ሠራሁ፤ ማንጎውም ውሃውም፣ ሲሚንቶውም አሸዋውም በየዙራቸው እየገቡ ተቀመጡልኝ። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር ጥያቄ ላይ ግን ጠፋሁ። ከመንገዱ አርባ ፐርሰንቱን ተጉዟል ሲል እኔም ተሳፈርኩ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ የሩቁ ባሕር ጨው ሁሉ ሸተተኝ። ደወል ሲደወል ገና ጅቡቲ አልደረስኩም።

ሀያት በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። የረቡዕን ነገር አላነሳችም። ስንት ትጠብቂያለሽ ስትለኝ አላውቅም አልኳት። ከባቡሩ በኋላ ሦስት ጥያቄ ሳልነካ ነው የወጣሁት። ፈራሁ።

እሁድ

ትናንት ምንም አልጻፍኩም። እማማ ስትጠራኝ ሁለቴ አልሰማሁም።

ሰኞ

ወረቀት ተመለሰ። ቲቸር ግርማ ከሠላሳ ስንት እንዳገኘን ብቻ ነው የጻፉት። ሁሉም ወደ እሳቸው ሲንጋጋ፣ ፐርሰንቱን ማውጣት ያቃተው አላለፈም ማለት ነው አሉ።

አሥራ ዘጠኝ ከሠላሳ። ሀያት ከትከሻዬ በላይ እያየች ነው፤ አትንገሪኝ አልኳት።

አሥራ ዘጠኙ ላይ ዜሮ ጨምሬ መቶ ዘጠናን ለሠላሳ፦ ስድስት፣ አሥር ተረፈ። ዜሮ ጨመርኩ። መቶን ለሠላሳ፦ ሦስት፣ አሥር ተረፈ። ስልሳ ሦስት ፐርሰንት። እንደገና ዜሮ ጨመርኩ፣ እንደገና ሦስት፣ እንደገና አሥር ተረፈ።

«አልፈሻል እኮ፣ ይበቃሻል» አለችኝ ሀያት።

እንዳለፍኩ አውቄያለሁ። ግን ሦስቱ አያልቅም፣ እኔም ማቆም አልፈለግኩም። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። ሀያት እጄን ይዛ ስታስቆመኝ የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ደርሼ ነበር።