የጣቢታ አምስት ደቂቃ

ውድ ከበቡሽ፣
ሆሳዕና ከተማ ጮኻ ከሆቴል ተባረረች ብለው ስለ እኔ የነገሩሽ ሐሰት ነው። ይህን የምጽፍልሽ እዚያው ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ነው። አልጮኽኩም፤ ቀስ ብዬ ተናገርኩ እንጂ።

ሥራ አስኪያጁ ኮሪደር ላይ ቆሞ የጽዳት ሠራተኞቹን በስልኩ ሰዓት እየያዘ በሰንጠረዥ ይመዘግባቸዋል፤ ለአንድ ክፍል ሃያ ደቂቃ። ከእነሱ አንዷ፣ ጣቢታ፣ ሃያ አምስት ትፈጃለች። እንግዳውን "እንዴት አደሩ? ጉልበትዎ ተሻለዎት?" ሳትል አንሶላ አትነካም።

"ቲቸር፣ አምስቱ ደቂቃ ብክነት ነው። ዓርብ አሰናብታታለሁ" አለኝ።

ክንዱን ይዤ በጽዳት ፍጥነት አንደኛ የወጣውን ክፍል አሳየሁት። አልጋው ሥር የትናንቱ እንግዳ ካልሲ ተኝቷል።

"ይህንስ በየትኛው ዓምድ ሞላኸው?"

"ቢሆንም ደንብ ነው።"

እኛ ሀደሮ ገበያ እንኳ ደኅንነት ሳንጠያየቅ ዋጋ አንነጋገርም!

የምጽፍበት ካርድ ሞላ። ሶስናን ሳሚልኝ፤ ወገብሽንም አደራ። ነገ መጀመሪያ እጸልያለሁ፤ ቁርስ ላይ አብረውኝ የመጡትን ዐሥራ ሦስት ጡረተኛ መምህራን አቤቱታ አስፈርማለሁ፤ ከዚያ የሆቴሉ ባለቤት ዘንድ ገብቼ፣ ጣቢታ ከወጣች ዐሥራ አራታችንም እንደምንወጣ እነግራታለሁ።

የትምወርቅ