በአንድ ብርቱካን ስለተለካው ወንዝ

ለተከበሩ የአነስተኛ የውሃና የፀሐይ ኃይል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ መላ ቤተሰብዎና ሥራ ፈትቶ የማያውቀው የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ወንዛችንን የለካሁት ቴክኒሻን፣ ከኅሊናዬ በስተቀር ሁለመናዬ ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በመዝገብ ቤትዎ በኩል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ሳይከፈቱ ብቻቸውን መቆየታቸው ስላሳዘነኝ፣ አራተኛውን ሰው በሚያየው መንገድ ልኬዋለሁ። ምስጋናዬንም እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ለሚሠራው የመብራት ማመንጫ ወንዙን ለማስለካት በክረምት፣ ያውም ዶፍ በጣለ ማግስት፣ በአካል ተገኝተው ስላበረታቱን ከልብ አመሰግናለሁ። የሙያችን ደንብ ቀጥ ባለ ቦታ አሥር ሜትር ተለክቶ፣ ብርቱካን ውሃው ላይ ተጥላ፣ ከገመድ እስከ ገመድ የምትደርስበት ጊዜ ቢያንስ አምስት ጊዜ እንዲያዝ፣ በበጋም ወንዙ ሲመነምን እንደገና እንዲለካ ያዛል። እኛ የያዝነው ግን አንድ ብርቱካን ብቻ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ ብርቱካኗ እየተንከባለለች በስምንት ሰከንድ ከተፍ ስትል ሁላችንም አጨበጨብን። ለሁለተኛው ልኬት ሰዓቴን ሳስተካክል ግን ክቡርነትዎ መለኪያችንን ልጠው መብላት ጀምረው ነበር። ስለዚህ ሁለተኛ ልኬት አልተደረገም።

፪ኛ. ያ የጎርፍ ውሃ ከሚወርድበት ከፍታ ጋር ተባዝቶ አርባ ኪሎዋት ሲወጣ፣ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በቧንቧው፣ በተርባይኑና በጄኔሬተሩ እንደሚባክን ብናገር፣ ብክነት በሪፖርት ላይ ደስ እንደማይል በአባትነት መከሩኝ። ምክርዎን ተቀብዬ አርባውን እንዳለ ጻፍኩት። የግንባታው ወጪም ለአርባ ሲካፈል በጣም ርካሽ ሆኖ ተገኘ፤ ጽሕፈት ቤትዎም የምስጋና ወረቀት ተሸለመ። ምንም ኃይል የማይባክንበት ተርባይን ባለቤት ስላደረጉን ኮርተናል።

፫ኛ. በጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ ያሉት ሁለት የፀሐይ ፓኔሎች የሚሰጡት ኃይል የተሰላው፣ ፀሐይ ከወጣችበት እስከምትገባበት አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ በእኩለ ቀን ጉልበቷ እንደምትሠራ ተደርጎ ነው። እኛ ቴክኒሻኖች አምስት ሰዓት ያህል ብቻ እንቆጥርላታለን። እርስዎ ግን ፀሐይንም እንደ መንግሥት ሠራተኛ ጠዋት ፈርማ ገብታ ማታ ፈርማ የምትወጣ አድርገው ስላከበሯት፣ እርሷም ብትሰማ ታመሰግንዎ ነበር።

፬ኛ. እዚህ ላይ ምስጋናዬ ያልቃል፤ የሚቀጥለው በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው።

በጋው ሲገባ ወንዙ መነመነ። ማሽኑ ዛሬ የሚሰጠን ሦስት ኪሎዋት ነው፤ ያም ደስ ሲለው። ታላቅ እህቴ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ናት። የክትባት ማቀዝቀዣው በየቀኑ እየቆመ ስላስቸገራት፣ ባትሪ እንዲሰጣት ለጽሕፈት ቤትዎ አመለከተች። መልሱ ፈጥኖ ደረሳት፦ ከተማው አርባ ኪሎዋት ስላለው ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም፤ ከዋናው የመብራት መስመር ለመገናኘት የያዘው ወረፋም በዚሁ ምክንያት ተሰርዟል። ለማስረጃ የተያያዘው ወረቀት የእኔ የልኬት ቅጽ ነበር።

በዚያው ሳምንት ክትባቱ ተበላሸ። እህቴ ጠርሙሶቹን ለቅማ አስወገደች፤ የግማሽ ቀን መንገድ ጨቅላ አዝለው የመጡ አሥራ አንድ እናቶችንም ባዶ እጃቸውን መለሰች። ከዚያ ቤቴ መጥታ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና፣ “ይሄ ፊርማ ያንተ አይደል?” አለችኝ። ነው አልኳት። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሥራ አለብኝ ብላ ሄደች።

ቁጥሩ ሐሰት መሆኑን በጻፍኩበት ዕለትም አውቅ ነበር፤ አላወቅሁም ብዬ አላመካኝም። እርስዎ በሰው ፊት ትከሻዬን ይዘው “የእኛ መሐንዲስ” ስላሉኝ ደስ አለኝ፤ መሐንዲስ እንዳልሆንኩ እያወቅሁ ፈገግ ብዬ ፈረምኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው ግን እያደር ከበደኝ።

ስለሆነም በዚህ ወር ወንዙን በደንቡ መሠረት አምስት ጊዜ ለክቼ፣ ብክነቱን ከሒሳቡ ላይ ቀንሼ፣ የፀሐይዋንም ሰዓት አምስት አድርጌ ያዘጋጀሁትን ቅጽ አያይዣለሁ። አርባው ተሰርዞ ሦስት እንዲጻፍ፣ ከተማው ወደ መስመሩ ወረፋ እንዲመለስ፣ ለጤና ጣቢያውም ባትሪው እንዲፈቀድ እለምናለሁ። ጥፋተኛ ካስፈለገ ፈልገው እንዳይደክሙ ስሜን ከነፊርማዬ ከቅጹ ግርጌ ያገኙታል።

ጎርፍ በማይጎድልበት ሪፖርትዎና ብክነት በማያውቀው ትጋትዎ ለዘለዓለም የሚደነቅ፣
ትሑት አገልጋይዎ፣
መሐንዲስ ያልሆነው ቴክኒሻን

ማሳሰቢያ፦ አዲሱን ልኬት እርስዎ ራስዎ ወርደው ማጣራት ቢፈልጉ፣ ከደብዳቤው ጋር አንድ ብርቱካን ልኬአለሁ። ከለኩ በኋላ ሊበሏት ይችላሉ፤ ይህችኛዋ ግን ሙሉዋ የእርስዎ ናት። የመጀመሪያዋን ለሁለት ገምሰው ሲሰጡኝ፣ ድርሻዬን ተቀብዬ በልቻለሁ።