ታይቷል

ሰኞ፣ ጥቅምት 12
የሚታረም አርባ ሁለት የተማሪ ደብተር! ስለ ድሮው መንግሥት እስር ቤቶች ነው። የቤት ሥራው፦ «እስረኛ ነኝ ብለህ ለቤተሰብህ ደብዳቤ ጻፍ።» አንዱ ጀግና «ዋይፋይ የለም እንጂ ደህና ነኝ» ይላል። ሳቄም መጣ፣ ተናደድኩም። እሱም ላይ «ታይቷል» ብዬ ፈረምኩ... ምን ላድርግ?

አባባ አጠገቤ ሆኖ ጽሕፈቴን አደነቀ። ማን አስተማረኝና! የ«ል»ን እግር አስረዝሞ ወደ ላይ መቀልበስ የሱ ነው። «ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት የሠራ ሰው ፊደል አያበላሽም» ይላል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14
ሹክሹክታ ደብዳቤ አልጻፈችም። (ስሙን ያወጣላት ክፍሉ ነው፤ ድምጿ አይሰማም።) ልቆጣት ስል ከደብተሯ መሃል ያረጀ ወረቀት አወጣች።
«ቲቸር፣ ወንድ አያቴ የጻፈው እያለ እኔ ምን ልፍጠር?»

ከእስር ቤት ለሚስቱ የላከው። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። ሦስት መስመር በጥቁር ቀለም ተሰርዟል። ሴት አያቷ እስክትሞት ድረስ ፀሐይ ላይ እየዘረጋች ልታነበው ትሞክር ነበር አሉ።

ጥግ ላይ አንድ ቃል፦ «ታይቷል»። የ«ል» እግር ረዝሞ ወደ ላይ ተቀልብሷል...
«ጥቂት ቀን እኔ ጋ ይቆይ» አልኳት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15
«አባባ፣ ፖስታ ቤት ሥራህ ምን ነበር?»
«ደብዳቤ ማስተላለፍ ነዋ።»
«የእስረኞችንም?»
ሻዩን አስቀመጠ። «እኔ ሰው አልገደልኩም። አነበብኩ፣ አሳለፍኩ። ባላሳልፍ ጭራሽ አይደርሳቸውም ነበር።»
«የሰረዝከውስ?»
«አላስታውስም! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ዋሽቷል። የጎረቤት ልጆችን ልደት ሳይቀር የሚያስታውስ ሰው! ሰፈሩ ያውቅ ኖሯል ይሆን? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው... ጠላሁት። ጠልቼውም ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ ከደንኩለት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እሑድ፣ ጥቅምት 18
የራሴን የቤት ሥራ ሠራሁ። ደብዳቤ፣ ከሰራዡ ለሚስትየዋ። «ባለቤትዎ የጻፉልዎትን ሦስት መስመር የሰረዝኩት እኔ ነኝ...» ከታች የአባባን ስም ጻፍኩ። ጠረጴዛ ላይ ትቼው ወጣሁ። እንዲያነበው ነው፤ ለራሴ ልዋሽ? አንዲት «ይቅርታ» ቢጨምርበት ብዬ ነበር።

ስመለስ አንብቦታል። ምንም አልጨመረም። ስሙን ብቻ በጥቁር ሰርዞታል። እጁ አልረሳም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 19
ሹክሹክታን ከክፍል በኋላ አስቀረኋት። የአያቷን ወረቀት መለስኩላት፣ የኔንም ደብዳቤ ሰጠኋት። ከጥቁሩ በላይ ስሙን በቀይ ደግሜዋለሁ። ቆማ አነበበችው።
«ቲቸር፣ ሰውዬው... በሕይወት አለ?»
«አለ። አባቴ ነው።»

ወረቀቶቹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። ድምጿ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።
«ሦስቱ መስመር ምን ይል ነበር? ይጠይቁልኝ!»

ቤት ገባሁ። ሻይ አላፈላሁም። ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ፊቱ አስቀመጥኩ።
«ሦስት መስመር ብቻ» አልኩት።