ነፋስ የሚያልፍበትን ባርኔጣ የሠሩት የእትዬ ጥላ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ጥላ ከልብስ አጣቢ እናታቸውና ከግንበኛ አባታቸው በ1938 ዓ.ም. ከወንዙ ማዶ ባለው ሰፈር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። ወላጆቻቸው ተከታትለው ሲያርፉ ግን ደብተራቸውን አጥፈው ታናሽ ወንድማቸውን፣ አባቴን፣ ማሳደግ ያዙ። ያኔ እሳቸው አሥራ ሦስት፣ እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር።

በጆንያ ስፌት ቤት ተቀጥረው ሠርተዋል። በ1962 ዓ.ም. አንድ ቀልደኛ አናጺ አግብተው በፍቅር ኖሩ። ልጅ አልወለዱም፤ ለምን ሲባሉ፣ «አንዱን ጎረምሳ መች አሳድጌ ጨረስኩ!» ይሉ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. በጋ አባቴ በጡብ ማምረቻው ማድረቂያ ሜዳ ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። ሐኪሙም ፀሐይ ዳግመኛ ከጣለችው እንደማይነሣ ቁርጡን ነገራቸው። ሌላ ሥራ ተፈልጎ ታጣ። በአራተኛው ቀን እዚያው ሜዳ ተመልሶ ገባ።

እትዬ ጥላ እህል ውኃ አላሰኛቸውም። ሰው አርጅቷል ብሎ የጣለውን ሰሌንና ዘንቢል እየለቀሙ፣ ፈትተውና አጥበው ባርኔጣ መታታት ጀመሩ። አዲስ ሰሌን ይሰነጠቃል፣ ያረጀው ግን መታጠፍ ለምዷል ባይ ነበሩ። ባለቤታቸውም የአባቴን ራስ ለክተው ቅርጹን ከእንጨት ጠረቡ፤ ግንዱ አልበቃኝም እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ቀለዱበት። የመጀመሪያውን ባርኔጣ አባቴ፣ «እትዬ፣ አናቴን ቀቀልሽው» ብሎ መለሰላቸው። ሁለተኛውን ሲያሳሱት ፀሐይዋ በየቀዳዳው ገብታ ገና በወጣትነቱ የተመለጠውን አናቱን ዥጉርጉር አደረገችው። ሰፈሩ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

አንድ ቀን ልብስ ሲያሰጡ ቀና ብለው የማድቤቱን ጣሪያ አዩ። ጭሱ እንዲወጣ፣ ዝናቡ እንዳይገባ ከላዩ ሌላ ትንሽ ጣሪያ ተደርቦበታል። ሦስተኛውን ባርኔጣ እንደዚያው ሠሩት፤ አናቱን ክፍት ትተው በጣት ስፋት ከፍ ያለ ክዳን ሰፉለት። በጎን የገባው ነፋስ በአናት ይወጣል፣ ፀሐይ ግን መንገድ የላትም። አራተኛ ክፍልን ያላለፉ ሴት ይህን ማሰባቸው እስከ ዛሬ እጄን በአፌ ያስጭነኛል።

አባቴ በዚያ በጋ ዳግመኛ አልወደቀም። የሥራ ጓደኞቹም ደጃቸውን አጨናነቁት፤ «እትዬ ጥላ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው እነሱ ናቸው። እሳቸውም ስፌት ቤቱን ለቀው ባርኔጣ መሥራቱን ሥራዬ ብለው ያዙት። ያን ባርኔጣ ደፍቶ በዚያ ሜዳ ፀሐይ የጣለችው አንድም ሰው የለም።

ባለቤታቸው በ2001 ዓ.ም. ቀደሟቸው። እሳቸውም ባደረባቸው የልብ ሕመም ለሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ78 ዓመታቸው አረፉ።

ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት ወንድማቸው በሰባ ሁለት ዓመቱ ሊሸኛቸው ዛሬ በእግሩ መጥቷል። አጠገቡ የቆምነው ሦስት ልጆቹና ሰባት የልጅ ልጆቹ ሁላችንም የተወለድነው ከዚያ በጋ በኋላ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሐሩር በማይደርስበት ያሳርፍልን።