አባባ ዕድሩን በስሜ አዞረው

«አትጽፍም» እያልሽ አትጨቅጭቂኝ! ከመገናኛ ቦሌ እንደኔ ሚኒባስ የሚያበር ሹፌር የለም፣ ጊዜ ከየት ላምጣ? ለማንኛውም እህቴ ሜቲ፣ ዱባይ ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን።

አባባም ይበላል፣ ይስቃል። ቅዳሜ «አንተ ጉረኛ፣ እርሻችን ጋ ውሰደኝ» አለኝ። ጤፍ እንዘራበት የነበረው ላይ አሁን ፎቅ ቆሟል። ወርዶ ዘበኛውን ሳመው። ከዛ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረ «ይቅር በሉኝ» አለ።

«ምነው አባባ፣ ኢየሩሳሌም ልትሄድ ነው?» ስለው ሳቀ።

እሁድ የዕድር አባልነቱን በስሜ አዞረው። ፈረምኩ፣ ምንም አልመሰለኝም። ከዛ ወዲህ መኪናዋን አቁሜ ቤት ነው የምውለው። ደክሞኝ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ሰላምታዬ ይድረስሽ፣ ወንድምሽ ጅሬኛ። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልሽውን ተይውና በዚህ ወር መምጣት ትችያለሽ አትችይም? ቶሎ መልሺልኝ!