ጎማዋ መሬት ሳይነካ

ወንድሜ ሩዲ፣ የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ ቶሊዶ፣ መኪናዋም ጭምር፣ ደህና ነን።

አባባ የዚያችን ስልሳ ዘጠኝ ሞዴል ሼቬል እግር ፈታትቶ እየገጠመ ነው። የመሪዋ ቴስቲኒ ተቀይሯል፤ ሞላዋም አዲስ ነው። ቅዳሜ ግን ክሪክ ላይ እንደተንጠለጠለች የጎማ ተሸካሚ ክንዷን፣ የብራቾዋን ቡሎን ጥርቅም አድርጎ አሰረው። «ጎማዋ መሬት ሳይነካ ያጠበቀ ጎሚኒውን፣ ላስቲኩን ገደለ!» እያለ ስንቴ በመፍቻ አባሮናል?

«አባባ፣ መጀመሪያ መሬት ትንካ እንጂ!» አልኩት።

«ማነው ያስተማረሽ?»

«አባቴ ነዋ!»

«ጎበዝ ሰው ነው» አለኝ፣ መፍቻውን እየጠረገ።

እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። የመኪናዋን ቁልፍ እኔ ጋ አድርጌዋለሁ።

ሚስትህን ሳምልኝ። ለምስጋና በዓል ሳይሆን አሁን ና። ስትገባም «ሩዲ ነኝ» ብለህ ግባ።

እህትህ ሎሬታ